ለአርሶ አደሩ የሚሰጠው እርዳታ፦ ሰደቃ ወይስ ሐቅ?



ከመርካቶ ተነስቶ በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ የሚሄድ መንገደኛ ሳንሱሲን ሳይረግጥ አያልፍም። ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ የሚያወጣው አውራ ጎዳና የሚያልፍባት፣ የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር የሆነች የኮልፌ ቀራንዮ ሠፈር ናት። «ሳን ሱሲ» በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። ይህን ትርጉም የማያውቅ ግን ሐሳብና ጭንቀት የማያጣው ብዙ ሰው በሠፈሯና በዙሪያዋ አለ።

ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሰላት በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ፣ ግንባታው ገና ካላለቀ አንድ ፎቅ ሥር ጋቢ ለብሰው፣ ከሰል አያይዘው የሚሞቁ አንድ አዛውንት አገኘሁ። «እንዴት አመሹ አባባ?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ፤ አረፍ በል» አሉኝ። ጨዋታችን ከብርዱ ተነስቶ ወደ ጤፍ ዋጋ ሄደ፤ ከጤፍ ዋጋም ወደ ራሳቸው ታሪክ ደረሰ። ሕንፃው የቆመበት ቦታ የእርሳቸው የባቄላ ማሳ ነበር። «ይህን ፎቅ ስጠብቅ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። መሬቱን ግን ከአባቴ ጀምሮ ስጠብቀው ነው የኖርኩት» አሉኝ። ካሳ ተከፍሏቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አልካዱም፤ ተከፍሏቸዋል። ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ከሰሉን ሲያራግቡ ቆይተው፣ «መሬቱ በየዓመቱ ይሰጠኝ ነበር። ገንዘቡ ግን አንዴ ሰጠኝና ሄደ» አሉ።

እኝህ አባት መንግሥትን አልሰደቡም፤ እኔንም ምንም አልለመኑኝም። ንግግራቸው ግን እቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም በዚያ ሌሊት የመጣብኝ አንድ ጥያቄ ነው። ኑሮው በአገር ለውጥ ምክንያት ለተናጋበት ገበሬ መንግሥት የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ልግስና ነው ወይስ የዕዳ ክፍያ? ሰደቃ ነው ወይስ ሐቅ?

አንዳንድ ሰው «ስሙ ምን ይለውጣል? ገበሬው ይቀበል እንጂ» ሊል ይችላል። ስሙ ግን ብዙ ይለውጣል። ሰደቃ ሰጪው ሲፈልግ የሚሰጠው፣ ሲፈልግ የሚያቆመው፣ መጠኑንም ራሱ የሚወስነው ነው፤ ተቀባዩም አመስግኖ ይሄዳል። ዕዳ ግን ባለዕዳው ቢወድም ባይወድም ይከፈላል። መጠኑ የሚለካው በከፋዩ ደግነት አይደለም፤ ባለገንዘቡ ባጣው ነገር ልክ ነው። ጎድሎ ከተከፈለም የጎደለው ነገ በአላህ ፊት ይጠየቃል። ስለዚህ «መንግሥት ረዳቸው» ከማለትና «መንግሥት ከፈላቸው» ከማለት አንዱን ከመምረጣችን በፊት ነገሩን ልንመረምር ይገባናል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ ገበሬው በመሬቱ ይጠቀማል እንጂ አይሸጠውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ገበሬው መሬትን በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ደንግጓል። በአንቀጽ 44 ደግሞ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ሥራዎች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ዓይነት ማካካሻ እንዲያገኙ፣ ይህም በቂ በሆነ የመንግሥት እርዳታ ወደ ሌላ ቦታ መዛወርን እንዲጨምር መብት ሰጥቷቸዋል። እንግዲህ «እርዳታ» የሚለው ቃል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባው በመብት ስም እንደሆነ ልብ ይሏል።

የካሳው ስሌት የሚከተለውን ይመስል ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ፣ በመሬቱ ላይ ካሰፈረው ንብረት ግምት ሌላ፣ በ5 ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ እንዲከፈለው አዘዘ። ይህ ማነሱ ከታየ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ምትክ መሬት ለማያገኘው ገበሬ በ3 ዓመታት ውስጥ ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ እንዲሆን አሻሻለው። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ ያለፈውን ጉድለት ያመነ እርምጃም ነው።

ነገር ግን ለምሳሌ ያህል ከአንድ ሄክታር በዓመት 20 ሺህ ብር ያገኝ የነበረን ገበሬ እናስብ። በቀድሞው ስሌት 200 ሺህ ብር ይደርሰዋል። አንድ ሄክታር 10 ሺህ ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ካሬ ሜትር 20 ብር ተከፈለው ማለት ነው። ገቢው ባይለወጥ በአዲሱ ስሌት 30 ብር ይሆናል። ያው መሬት ከተማ ውስጥ ገብቶ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ የካሬ ሜትሩ ዋጋ በሺዎችና በአሥር ሺዎች እንደሚጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ስውር አይደለም። ካሳው የሚተመነው መሬቱ ለገበሬው ያበቅል በነበረው እህል ነው፤ የሊዙ ዋጋ ግን መሬቱ ለከተማው በሚያወጣው ገንዘብ ነው። በመሃል ያለው ትርፍ ለከተማው ሲደርስ፣ በመሃል ያለው ስጋት ግን ለገበሬው ደረሰው።

የዚህ ነገር ምሬት ወዴት እንደሚያደርስ አገራችን አይታዋለች። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. እንደገና ተቀስቅሶ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ ዕቅዱ በዚያው ዓመት በጥር ወር መሰረዙ ይታወሳል። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣም ሁለት ወገን አዘነ። አንዱ ለዓመታት እየቆጠበ ቤት ሲጠብቅ የኖረው የከተማ ድሃ ነው፤ ሌላው ቤቱ ከተሠራበት መሬት ላይ የተነሳው ገበሬ ነው። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሁለት ድሆችን በአንድ ቁራሽ መሬት ላይ ያፋጠጠው የመጀመሪያው ዕዳ በወቅቱ አለመከፈሉ ነው።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ መሬት የምንማረው

ይህ ነገር በዲናችን እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲገቡ ግመላቸው የተንበረከከችበት ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሳህልና የሱሀይል፣ ቴምር ማድረቂያ ነበር። ቦታው ለመስጊድ ተፈለገ። ልጆቹ «በነፃ እንሰጥዎታለን» ብለው እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በስጦታ ሊቀበሉት አልፈቀዱም፤ ገዙት። ከመስጊድ የበለጠ ምን የሕዝብ ጥቅም አለ? ከአላህ መልእክተኛስ የበለጠ ማን የሚታመን ተቀባይ አለ? ከዚህ ሁሉ ጋር ዋጋ ተከፈለ። ደካማ የሆነ ሰው በኃይለኛ ፊት «በነፃ ውሰዱ» ቢል እንኳ ኃይለኛው ሊከፍል እንደሚገባው ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው ምሳሌ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን የሆነው ነው። መስጊዱ ሲጠብ፣ ከአጠገቡ ያለው የነቢዩ አጎት የዐባስ (ረ.ዐ.) ቤት አስፈለገ። ከሚተላለፉት ዘገባዎች በአንዱ ዑመር ሦስት ምርጫ አቀረቡላቸው። ወይ በፈለጉት ዋጋ ከበይተል ማል ሊገዙት፣ ወይ በመዲና ሌላ ቦታ ሰጥተው በበይተል ማል ወጪ ሊሠሩላቸው፣ ወይ ደግሞ ለሙስሊሞች ሰደቃ ሊያደርጉት። ዐባስ ሦስቱንም እምቢ አሉ። ኸሊፋው ወታደር አልላኩም፤ ከባለቤቱ ጋር ወደ ኡበይ ኢብን ከዕብ (ረ.ዐ.) ለዳኝነት ሄዱ። ኡበይም ለዐባስ ፈረዱ። ዐባስ መብታቸው ከተረጋገጠ በኋላ ግን ቤቱን በገዛ ፈቃዳቸው ለሙስሊሞች ሰጡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቅደም ተከተሉን እንመልከት። መጀመሪያ ሐቁ ተረጋገጠ፤ ልግስናው ከዚያ በኋላ መጣ። ልግስናውም የመጣው ከባለመሬቱ እንጂ ከመንግሥት አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ባለመሬቱ ለአገር ሲል ብዙ ትቶ ሳለ፣ ጥቂት ሲመለስለት እንደ ተለገሰ ሰው እንዲያመሰግን ይጠበቃል።

ይህ ማለት ግን ገበሬው አልለቅም ካለ ከተማ አይስፋ፣ መንገድ አይሠራ ማለት አይደለም። ራሳቸው ዑመር (ረ.ዐ.) የመካን መስጊድ ሲያሰፉ ቤታቸውን አንሸጥም ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ቤቶቹ ፈርሰው ዋጋቸው ባለቤቶቹ እስኪወስዱት ድረስ እንዲቀመጥላቸው ተደርጓል። በ1988 እ.ኤ.አ. በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም ለሕዝብ ጥቅም ንብረትን መውሰድን በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል። ዋጋው በባለሙያ ተገምቶ፣ ከተመሳሳዩ ዋጋ ሳያንስ ወዲያውኑ ሊከፈል ይገባል። ዓላማውም እንደ መስጊድ፣ መንገድና ድልድይ ያለ የሁሉ ጥቅም ይሁን እንጂ ንብረቱ ዞሮ የኢንቨስትመንት መነገጃ አይሁን ብሏል። እንግዲህ የእኝያ አባት ማሳ መንገድ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ማሳው የሌላ ሰው የሚከራይ ፎቅ ሲሆን ግን ጥያቄው ይከብዳል።

«ገንዘቡን ራሱ አባክኖት የለም?»

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ክርክር አለ። «ገበሬው ተከፍሎታል። መኪና ገዛበት፣ ድግስ ደገሰበት፣ ዘመድ አበደረበት፤ አለቀ። ጥፋቱ የራሱ ነው» ይባላል። ይህ ክርክር እውነት የለበትም አልልም። ያየነው፣ የሰማነው ነገር ነው። ገንዘብ ደግሞ እንደ ውኃ ነው፤ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. እንደታየው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ ሲያልፍ፣ ያላባከነው ሰው ገንዘብም ባንክ ተቀምጦ ያልቃል።

ግን እስቲ እኛ ራሳችንን እንጠይቅ። በመርካቶ ያለን ነጋዴዎች ንግድን የተማርነው በስንት ዓመት ነው? አብዛኞቻችን ወይም አባቶቻችን ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከወሎ፣ ከሌላም ገጠር መጥተን፣ በሊስትሮና በጉልት ጀምረን፣ በዘመድ ሱቅ ተላልከን፣ ዕቁብ ገብተን፣ ከስረን እንደገና ተነስተን ነው እዚህ የደረስነው። ሳንቲምን ሳንለምድ ብር አልያዝንም። ገበሬው ግን ከበሬና ከሞፈር ላይ ተነስቶ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ገንዘብ በአንድ ቀን በእጁ ተደርጎለት፣ «ከነገ ጀምሮ ነጋዴ ሁን» ተባለ። መሬቱን ሲያርስ ሊቅ የነበረ ሰው በአንድ ፊርማ ጀማሪ ሆነ። ከዚያ በኋላ «አባካኝ» ብሎ መስደብ ዋና ሳያስተምሩ ወንዝ ውስጥ ጥሎ «ሰነፍ» እንደማለት ነው።

ደግሞስ መሬቱ የአባትየው ብቻ ነበረን? ሚስት አብራ ታርማለች፣ ትወቃለች፣ ላሟን አልባ ወተቱን ለከተማ ትሸጣለች። ልጆች ነገ እንካፈለዋለን ብለው ይጠብቃሉ። ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ ሲገባ የሌሎቹ ድርሻ የት እንደገባ የሚጠይቅ ከሌለ፣ አንድ ሰው ቢያጠፋ የሚራበው ቤተሰቡ ሁሉ ነው።

ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ፣ ቤቱን ወይም መሬቱን ሸጦ ዋጋውን በመሰል ነገር ላይ ያላዋለ ሰው በገንዘቡ በረካ እንደማያገኝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ይህ ሐዲስ ለሻጩ ምክር ነው፤ ለከፋዩ ደግሞ ትምህርት ነው። መሬት የሚወልድ ነገር ነው፤ በሚወልድ ነገር ካልተተካ ዋጋው ይመክናል። እኝያ አባት «አንዴ ሰጠኝና ሄደ» ያሉት ይህንኑ ነው። ፈልገው ላልሸጡ፣ ተገደው ለለቀቁ ሰዎችማ ምትኩን በማግኘት ማገዝ ያስለቀቃቸው ወገን ኃላፊነት ነው።

ምን ዓይነት እርዳታ?

እርዳታ እንዴት እንደሚሰጥ የሚያስተምረን ሌላ ሐዲስ አለ። አነስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት አንድ የአንሷር ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። ቤቱ ያለው አንድ የሚለበስና የሚነጠፍ ጨርቅና አንድ የውኃ መጠጫ ብቻ ነበር። ነቢዩ ሁለቱን አስመጥተው በጨረታ በሁለት ድርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። እጀታውን በገዛ እጃቸው ሰኩለት። እንጨት ቆርጦ እንዲሸጥና እስከ 15 ቀን ድረስም እንዳያዩት ነገሩት። ሰውየው አሥር ድርሃም ይዞ ተመለሰ።

በዚህ ውስጥ አራት ነገር አለ። አንደኛ፣ የቤተሰቡ ጉሮሮ ቀደመ፤ የተራበ ሰው አዲስ ሙያ አይማርም። ሁለተኛ፣ የተቀረው ገንዘብ የሥራ መሣሪያ ሆነ። ሦስተኛ፣ እጀታውን የሚሰካለት ሰው ነበረ፤ ማለትም ሥራውን አብሮት የጀመረለት አለ። አራተኛ፣ ቀጠሮ ተቆረጠ፤ ውጤቱ ተጠየቀ።

ሌሎች አገሮችም በራሳቸው መንገድ ወደዚህ ሲደርሱ እናያለን። በአሜሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የንግድ ሕግ ከውጭ በሚገባ ምርት ገበያቸው ለተጎዳ ገበሬዎች እርዳታ ፈቅዶ ነበር። በኋላ በ2009 ሲሻሻል ገበሬው ሥልጠና ወስዶ የሥራ ዕቅድ ሲያዘጋጅ በ36 ወራት ውስጥ እስከ 12 ሺህ ዶላር እንዲያገኝ ተደረገ። ለአሜሪካ ገበሬ ገንዘቡ ትልቅ አይደለም። ቁም ነገሩ ገንዘቡ ከዕቅድና ከክትትል ጋር መታሰሩ ነው።

በእኛም ከተማ ጅምር አለ። የአዲስ አበባ አስተዳደር የአርሶ አደሮችንና የከተማ ግብርናን ጉዳይ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አቋቁሟል፤ ለተፈናቀሉ አርሶ አደሮችም የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ሰጥቷል። ቤት መሰጠቱ መልካም ነው፤ ማን እውነተኛ ተፈናቃይ እንደሆነ ያስነሳው ክርክር ግን ምዝገባው በጊዜው፣ ገበሬው ገና በመሬቱ ላይ ሳለ፣ ሊደረግ ይገባ እንደነበር ያሳያል። ምዝገባ ሲዘገይ አስመሳይ ይበዛል፤ ባለሐቁም ከአስመሳዩ ጋር ይጠረጠራል። ቤት ደግሞ ማደሪያ እንጂ መጥረቢያ አይደለም። ወተት ያልብ ለነበረ ሰው ከብት የሚያቆምበት ቦታ፣ ልጁ ሙያ የሚማርበት ዕድል፣ በመሬቱ ላይ ከሚቆመው ሕንፃ ወይም የገበያ ማዕከል አክሲዮን ቢደርሰው፣ መሬቱ በየዓመቱ ይሰጠው የነበረውን በሌላ መንገድ መስጠቱን ይቀጥል ነበር።

እዚህ ላይ ለሙስሊሙ ገበሬ አንድ ተጨማሪ ችግር እንዳለ መጥቀስ ግድ ነው። «ብድር አመቻችተናል» ሲባል ብድሩ በወለድ ከሆነ፣ ሪባን ለሚፈራ ሰው በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ከወለድ ነፃ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል። ሙራባሃና ሙሻራካ የሚባሉት አሠራሮች ላም፣ የወፍጮ መኪና ወይም የልብስ ስፌት መኪና ገዝቶ ለሰው ለማድረስ የሚስማሙ ናቸው። እነዚህ ተቋማት ከመርካቶ ነጋዴ አልፈው የከተማ ዳሩን ገበሬ ቢያስቡት፣ መንግሥትም መልሶ ለማቋቋም የሚመድበውን ገንዘብ በዚህ መንገድም እንዲደርስ ቢፈቅድ፣ ማንም የማይጎዳበት፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ነው።

ይህ መርህ ለከተማ ዳር ገበሬ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ማዳበሪያ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ በጎጃምና በአርሲ ያለው ገበሬ ጭምር ዋጋው እንደሚነካው ግልጽ ነበር። መንግሥትም ማዳበሪያን እንደሚደጉም አስታወቀ። ውሳኔው ለአገር ይበጃል ከተባለ፣ በውሳኔው የሚጎዳውን መደገፍ የውሳኔው ወጪ አካል ነው። ገበሬው ምንዛሪውን አልወሰነም፤ ከተማዋም እንድትሰፋ አልወሰነም። ያልወሰነውን ነገር ዋጋ ብቻውን እንዲከፍል ማድረግ ግን ዙልም ነው።

የእኛ ድርሻስ?

እስካሁን ስለ መንግሥት ተናገርን። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ስለ ራሳችን መናገር ነው።

«አብዛኞቹ ሙስሊሞች አይደሉም፤ ጉዳያችን አይደለም» የሚል ቢኖር የዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያስታውስ። ዐይኑ የጠፋ አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲለምን አይተው እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ ካላቸውም ሰጡት። ከዚያም በወጣትነቱ ግብር ተቀብለውት በእርጅናው መጣል ፍትሕ እንዳልሆነ ለበይተል ማል ሹም ነግረው፣ ግብሩ እንዲነሳለትና እንዲረዳ አደረጉ። ይህን አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ስለ ግብር በጻፉት ኪታብ አስፍረውታል። ዑመር ሽማግሌውን ስለ ዕዳ እንጂ ስለ እምነት አልመዘኑትም። ጤፉን በልተን፣ ወተቱን ጠጥተን ያደግንባቸውን ገበሬዎች በእርጅናቸው ስንተዋቸው እኛም በዚያው ሚዛን እንመዘናለን።

ከዚያ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። የምንኖርበት ቤት መሠረት ትናንት የማን ማሳ ነበር? እኔ በበኩሌ ቤቴን ስይዝ ይህን አልጠየቅሁም፤ እኝያን አባት እስካገኝ ድረስም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አንዳንዶቻችን ደግሞ ደላላ ተከትለን ሄደን፣ «መንግሥት ሊወስድብህ ነው፤ ሳይወስድብህ ሽጥ» የተባለ ገበሬ በፍርሃት የለቀቀውን ቦታ በርካሽ ገዝተን፣ በኋላ በብዙ እጥፍ ሸጠን «አላህ ባረከልን» ያልን አለን። የተቸገረ ሰው ችግሩ ሲያስጨንቀው የሚሸጠውን በማይገባ ዋጋ መውሰድ የተወገዘ መሆኑን እያወቅን፣ በንግድ ሥም ሸፋፍነነዋል። አንድ ስንዝር መሬት ያለ ሐቅ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ምን እንደሚሸከም በሰዒድ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) የተላለፈውን ሐዲስ በኹጥባ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ያ ሐዲስ ለመንግሥት ብቻ የተነገረ አይደለም።

የመስጊድ ኮሚቴዎቻችንም ቦታ ሲረከቡ የካርታውን ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ከቦታው የተነሳው ሰው ሐቁን ማግኘት አለማግኘቱን ቢጠይቁ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ፈለግ ተከተሉ ማለት ነው። ጎድሎ ከተገኘ ከጀመዓው አዋጥቶ መሙላት ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። ነጋዴዎቻችንም ከተፈናቀለ ቤተሰብ አንድ ልጅ ወደ ሱቃቸው ወይም ወደ ጋራዣቸው አስገብተው ሙያ ቢያስተምሩት፣ እጀታውን ሰኩለት ማለት ነው። ይህን ለማድረግ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

በሱረቱል ሐሽር አላህ (ሱ.ወ.) የፈይእን ገንዘብ ለየቲሙ፣ ለምስኪኑና ለመንገደኛው እንዲደርስ ሲያዝ፣ ምክንያቱን ሀብት በባለጠጎች ዘንድ ብቻ እንዳይሽከረከር መሆኑን ገልጾልናል። አዲስ አበባ ስትሰፋ የተፈጠረው ሀብት ወደ ማን ዞረ? ወደ መንግሥት፣ ወደ ባለሕንፃው፣ ወደ ደላላው፣ ወደ እኛም። ወደ መሬቱ ሰው የዞረው የሌሊት ዘበኝነት ከሆነ፣ የተከፈለው ካሳ በደረሰኝ ሙሉ ቢሆን እንኳ በሚዛን ጎዶሎ ነው።

እኝያ አባት ዛሬም ማታ ከሰላቸውን አያይዘው ፎቁን ይጠብቃሉ። በዚያ በኩል የምናልፍ ሰዎች ሰላምታ መስጠት ሰደቃ ነውና ሰላም እንበላቸው። ግን ሰላምታችን ዕዳውን የሚከፍል እንዳይመስለን። ዕዳው እንዳለ ነው፤ የሚጠየቁበትም ብዙዎች ናቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን ለባለሐቁ ከሚመልሱት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።